ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ጉዳይ በዚህ ገጽ ላይ ከለመዳችሁት የወጣ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት ስንነጋገር የቆየን ሰዎች ስለ ልጆች መጫወቻ ምን አገባን ትሉኝ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። እኔም መብትና ፈቃድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለተማሪዎቼ ለዓመታት ሳስተምር ኖሬ፣ ልዩነቱን በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ከእህቴ ቤት ቴሌቪዥን ሥር በተቀመጠች አንዲት ጥቁር ሣጥን ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ለእህታችን ልጅ አንድ ያገለገለ ኤክስቦክስ ዋን ይዞለት መጣ። ልጁ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነበር። እንደ እኩዮቹ ሁሉ በየሰፈሩ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ደጃፍ ሲመላለስ ያደገ ነውና፣ የራሱ ዕቃ ሲኖረው ከኳስ ጨዋታ የሚያልፍ ነገር ያደርግበታል ብዬ አልጠበቅሁም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ ግን፣ «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ጓዳ እንዳለው ያውቃሉ?» አለኝ።

ጓዳ ያለው ዴቨሎፐር ሞድ የሚባለውን ነው፤ ፕሮግራም ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ የአሠራር ሁኔታ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ይህን በር ለተራው ገዢ የከፈተው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ ለመሥራት ከኩባንያው ጋር ውል የገቡ ድርጅቶች ብቻ የሚያገኙት ልዩ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። አሁን ግን ከኩባንያው መደብር አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ይወርዳል፤ እርሱም በቴሌቪዥኑ ላይ የፊደልና የቁጥር ኮድ ያሳያል፤ ኮዱን በፕሮግራም ሠሪነት የተመዘገበ ሰው በኩባንያው ድረ ገጽ ሲያስገባው ዕቃው ጠፍቶ ይነሣና ሌላ ፊት ይዞ ብቅ ይላል። የምዝገባው ክፍያ ያን ጊዜ 19 ዶላር ግድም ነበር። እዚህ አገር ተቀምጦ 19 ዶላር በካርድ መክፈል ምን ያህል ደጅ እንደሚያስጠና የምታውቁት ነው፤ በመጨረሻ የከፈለለት ያው አሜሪካ ያለው ወንድሜ ነው።

በሩ ሲከፈት ያየነው ነገር ደስ ያሰኛል። ልጁ የእኔን ላፕቶፕ ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኘና የዕቃውን አድራሻ በብራውዘሩ ላይ ጻፈ። ወዲያውኑ የሣጥኗ ሆድ ዕቃ በፊታችን ተዘረጋ፤ በዚያች ቅጽበት የሚሠሩት ፕሮግራሞች ዝርዝር፣ እያንዳንዳቸው የሚወስዱት ሚሞሪ፣ የፕሮሰሰሩ ድካም ከፍና ዝቅ ሲል የሚያሳይ መስመር፣ የፋይል ማኅደሮች፣ አንድ ፕሮግራም ሲወድቅ ትቶት የሚያልፈው መዝገብ፣ ሁሉም ተራ በተራ። ልጁም በዚሁ መንገድ ራሱ የጻፋትን አንዲት ጨዋታ ከላፕቶፑ ወደ ቴሌቪዥኑ ላካት። ፊደላት ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ ደግሞ «ሀ ሁ ሂ»ን በቅደም ተከተል እየለቀመ ይሰበስባል። የሠራት የአምስት ዓመት ታናሽ እኅቱን ፊደል ለማስቆጠር ነው። ሕፃኗ ጆይስቲኩን ጨብጣ «ሆ» ላይ ስትደርስ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም በጆሮዬ አለ።

እኔም እንደ መምህር ልማዴ መጠየቅ ጀመርሁ። «እስቲ አሁን ያንን የኳስ ጨዋታህን ክፈተው» አልሁት። «አይሆንም፣ ጋሼ። በዚህኛው ሞድ ከመደብር የተገዛ ጨዋታ አይሠራም። ዕቃውን አጥፍቼ ወደ ተራው ሞድ መመለስ አለብኝ» አለ። «ወደ ተራው ሞድ ስትመለስስ የፊደል ጨዋታህ ይሠራል?» «እርሱም አይሠራም።» «የዕቃውን ሚሞሪ በሙሉ መጠቀም ትችላለህ?» አይችልም፤ ከ8 ጊጋባይቱ ውስጥ እንዲህ ላለ ጨዋታ የሚፈቀደው ቢበዛ 5 ነው፤ የቀረው ለሲስተሙ የተከለለ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት በዕቃው አሠራር ውስጥ ነው። በኤክስቦክስ ዋን ውስጥ ያለው ሲስተም አንድ አይደለም። ሃይፐርቫይዘር የሚባል ተቆጣጣሪ ከታች ተቀምጦ፣ አንዱን ሲስተም ለጨዋታ፣ ሌላውን ለተራ ፕሮግራሞች ያድላል፤ ሁለቱንም የሚያስተዳድር ሦስተኛ ደግሞ ከበላያቸው አለ። የእህቴ ልጅ የገባው በተራ ፕሮግራሞች በኩል፣ ያውም በተሰመረለት መስመር ውስጥ ነው። ጓዳ መስሎን የነበረው ነገር ለካ የእንግዳ ክፍል ኖሯል። እውነተኛው ጓዳ ከዚያ ወዲያ ነው፤ የዚያ ቁልፍ ደግሞ ዕቃውን በገዛው ሰው እጅ የለም።

በአገራችን የመሬት ታሪክ ውስጥ ለዚህ ሁኔታ ትክክለኛ ስም ያለን ይመስለኛል። አያቶቻችን ርስትንና ማደሪያን ጠንቅቀው ይለዩ ነበር። ርስት ከዘር የሚወረስ፣ ባለቤቱም አንገቱን የሚሰጥለት መብት ነው። ማደሪያ ግን ሹመኛው በአገልግሎቱ ልክ የሚበላው፣ ሰጪው በፈለገ ጊዜ የሚነቅለው ይዞታ ነው። ሁለቱንም መሬቶች ያረሰ ገበሬ ያው ጥቁር አፈር ነው የሚያየው፤ ልዩነቱ የሚገለጠው የመነቀያው ቀን ሲመጣ ነው። እንግዲህ ዴቨሎፐር ሞድ ማደሪያ ነው። በ2022 በሚያዝያ ወር አንዳንድ ተጠቃሚዎች ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ መግቢያቸው ተዘግቶ አገኙት፤ ነገሩ ሲጮኽ ከኩባንያው ወገን የተሰጠው መልስ ሥራ ያቆሙ ሒሳቦችን ስንዘጋ በስሕተት የተነኩ አሉ፣ ይስተካከላል የሚል ነበር። መልሱን በቅንነት እንቀበለው። ሆኖም በስሕተት ሊዘጋ የሚችል በር ሆን ተብሎም ሊዘጋ ይችላል፤ ባለማደሪያውም የሚከራከርበት ሰነድ የለውም።

ሆን ተብሎ የተዘጋ በር ታይቶ ያውቃልን? አዎን። ይህን ለማየት ወደ ሌላው ኩባንያ፣ ወደ ሶኒ እንሻገር። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 መጨረሻ ለገበያ ሲቀርብ በውስጡ «አዘር ኦኤስ» የሚባል ምርጫ ነበረው። ገዢው ከፈለገ ሊነክስ የተባለውን ነጻ ሲስተም ጭኖ ዕቃውን እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ይጠቀምበታል። ይህ ሌሊት የተገኘ ቀዳዳ አልነበረም፤ ኩባንያው ራሱ በግልጽ የሰጠውና ገዢውም ገንዘቡን ሲከፍል የቆጠረው አገልግሎት ነው። አይቢኤም፣ ሶኒና ቶሺባ በጋራ የሠሩት ሴል የተባለው ፕሮሰሰር ለሳይንሳዊ ስሌት የተመቸ ስለ ነበረ ምሁራን ተሻሙበት። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዳርትማውዝ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ጋውራቭ ካና በ2007 ስምንት ፕሌይስቴሽኖችን አያይዘው የጥቁር ጉድጓዶችን ስሌት ሠሩባቸው። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ተቋምም ኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ሮም ከተማ 1,760 ፕሌይስቴሽኖችን አገናኝቶ፣ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ፣ ኮንዶር የተባለ ሱፐር ኮምፒውተር በ2010 አስመረቀ። ኪሱ ለሳሳ ተመራማሪ ይህ ምን ያህል ተስፋ እንደ ነበረ፣ ለአንድ ሰርቨር ግዢ ዓመታት የጠበቀ የአገራችን መምህር ያውቀዋል።

በጥር 2010 ጆርጅ ሆትዝ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በዚሁ በሊነክስ በኩል ገብቶ የሃይፐርቫይዘሩን ጥበቃ እንዳለፈ አስታወቀ። የሶኒ መልስ አጥሩን ማጠናከር ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 1 ቀን 2010 በወጣው 3.21 በተባለው ማሻሻያ አዘር ኦኤስን ከተሸጡት ዕቃዎች ላይ ነቀለው፤ ምክንያቱ የደኅንነት ሥጋት ነው ተባለ። «ማሻሻያውን አልፈልግም ማለት ይቻላል» ይል ይሆናል አንባቢዬ። ይቻላል፤ ነገር ግን እምቢ ያለ ሰው ወደ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ መግባት፣ በኢንተርኔት መጫወት፣ አዲሱን ማሻሻያ የሚጠይቁ ጨዋታዎችንና ፊልሞችን ማየት ይቀርበታል። ሁለቱንም ከፍሎ የገዛውን ሰው፣ ከሁለቱ የትኛው ይቅርብህ? ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በአገራችን ቋንቋ ምርጫ አንለውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ገዥዎች ሁሉ ሊያነቡት የሚገባ ነው። ለዓመታት የዕቃው መቆለፊያ ብዙ ሰው ሳይተናኮለው ኖሮ ነበር፤ ምክንያቱም የመማርና የመመራመር ጉጉት ያለው ሰው የተፈቀደ በር ነበረው። በሩ ሲዘጋ እነዚሁ ሰዎች ፊታቸውን ወደ መቆለፊያው አዞሩ። በታኅሣሥ 2010 ፌይልኦቨርፍሎው የተባለ ቡድን በርሊን በተደረገ ጉባኤ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ጉድ ገለጠ። ሶኒ ፕሮግራሞቹን የሚያትምበት ዲጂታል ፊርማ በየጊዜው አዲስ የዕጣ ቁጥር ይጠይቃል፤ ኩባንያው ግን አንዱኑ ቁጥር ደጋግሞ ሲጠቀምበት ኖሯል። በዚህም ምክንያት የምሥጢር ቁልፉን በተራ አልጀብራ ማስላት ይቻላል። ቡድኑ ራሱ ወደዚህ ሥራ ያነሣሣው የሊነክስ መነቀል መሆኑን ተናግሯል። በጥር 2011 ሆትዝ ቁልፉን ይፋ አደረገ፤ ሶኒ ከሰሰው፤ በሚያዝያም በስምምነት ጨረሱ። ገዢዎቹም በበኩላቸው በ2010 ካሊፎርኒያ ላይ ኩባንያውን ከስሰው ስምንት ዓመት ያህል ተሟገቱ፤ በ2018 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ሲቋጭ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቢበዛ 65 ዶላር ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ፈቃድ የሰጠ ሰው ሲነሣ መብት የተነጠቀ ያህል ያስቆጣል፤ ቁጣውም አጥር ያፈርሳል። በአንጻሩ በ2013 የወጣው ኤክስቦክስ ዋን አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንደ ፕሌይስቴሽን 3 ያለ ውርደት አልደረሰበትም። ይህ የሆነው ጥበቃው በረቀቀ መንገድ ስለ ተሠራ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ጉጉ ለሆነ ሰው የተተወችው ያች ጠባብ በር አስተዋጽኦ አላደረገችም ማለት አይቻልም።

ምሥጢር ራሱስ የሚያስከትለው ጉዳት? ኤክስቦክስ ዋን በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በታኅሣሥ 2013፣ ዕቃው የተደበቀ የፕሮግራም ሠሪዎች ማውጫ እንዳለው ተሰማ። ወዲያውም፣ በዚህ ማውጫ ገብታችሁ እንዲህና እንዲህ ብታደርጉ የቀድሞው ኤክስቦክስ 360 ጨዋታዎች ይሠሩላችኋል የሚል የሐሰት መመሪያ ተነዛ። ያመኑት ሰዎች ዕቃቸው እየጠፋ ከመነሣት በቀር ሌላ የማይሠራ ሆኖባቸው ቀረ። የኩባንያው ቃል አቀባይ ላሪ ህሪብ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ፣ መሞከሩም ዕቃውን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው እንደሚችል ለማስጠንቀቅ ተገደደ። የቀድሞዎቹን ጨዋታዎች የማስኬድ አገልግሎት በእውነት የመጣው በ2015 ነው። እኔ የማየው የእነዚያን የዋሆች ሞኝነት አይደለም። ትክክለኛው መረጃ በተደበቀበት ቦታ ሁሉ አሉባልታ መንበሩን ይይዛል። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው።

አሁን የተቃራኒውን ወገን ክርክር በሚገባው ክብር ላቅርብ። የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን ስነግረው እንዲህ አለኝ፦ «አንተ የፖለቲካ ሰው ስለ ሆንህ ሁሉን ነገር ጭቆና ታደርገዋለህ። ኩባንያዎቹ ዕቃውን ብዙ ጊዜ በኪሳራ ወይም በትንሽ ትርፍ ይሸጡና ገንዘባቸውን ከጨዋታው ሽያጭ ይለቅማሉ። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት የተሰረቀ ጨዋታ ይጥለቀለቃል፤ በኢንተርኔት ሲጫወት አጭበርባሪው ልጅህን ያማርረዋል። ጨዋታውን የሠራው ሰውስ ምን ይብላ?» እውነት አለው። በየመንገዱ በተቀዳ ሲዲ ምክንያት ዘፋኞቻችን የደረሰባቸውን ያየ ሰው በዚህ አይቀልድም። እኔም ሌባ ይግባ አላልሁም። የምለው ግን አንድ ነው፤ ሌባን ለመከላከል ተብሎ ባለቤቱን ከቤቱ ማስወጣት ፍትሕ አይደለም። ዴቨሎፐር ሞድ ራሱ ይህን ያረጋግጣል፤ የተገዙ ጨዋታዎችን ለብቻ ቆልፎ ለተመራማሪው ክፍል መስጠት እንደሚቻል ያሳየን ኩባንያው ነውና። ችግሩ ክፍሉ በችሮታ እንጂ በመብት አለመሰጠቱ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በአሜሪካ በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ የገዛ ዕቃህን ዲጂታል መቆለፊያ ማለፍን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። ከክልከላው ነጻ የሚሆነውን ነገር በየሦስት ዓመቱ የሚወስነው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የአገሪቱ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። በ2010 ለስልክ የተፈቀደው ነገር ለጨዋታ ኮንሶል በ2012 ሲጠየቅ ተከለከለ፤ በ2021 የተገኘው ፈቃድም የኮንሶልን የዲስክ ማጫወቻ ለመጠገን ብቻ ነው። እኛስ? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርጋል። ዓላማው መልካም ነው። ሆኖም ለሕግ ባለሙያ ወዳጆቼ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ፤ ሣጥኗ የእህቴ ልጅ፣ ሲስተሟ የአምራቹ ሲሆን፣ ፈቃድ ሰጪው ማን ነው? ጥያቄው ነገ በፍርድ ቤት ከመነሣቱ በፊት ዛሬ በክፍላችን ቢነሣ ይሻላል።

ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ መሆኑን አሁን የተረዳችሁልኝ ይመስለኛል። ስልካችን፣ የእርሻ ትራክተራችን፣ የሆስፒታል መሣሪያችን ሁሉ ዛሬ በውስጡ ኮምፒውተር አለው፤ ኮምፒውተሩም እንዲሁ ጓዳ አለው። ስለዚህ አራት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ከዕቃ ጋር ተሽጦ የነበረ አገልግሎት ያለ ካሣ ሊነቀል አይገባም። ሁለተኛ፣ የራስን ዕቃ ለመጠገንና ለማጥናት መክፈት ከስርቆት ተለይቶ በሕግ ሊጠበቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ አምራቹ ለዕቃው የሚሰጠውን ድጋፍ የሚያቋርጥበት ቀን ሲደርስ ቁልፉን ለገዢው ትቶ ይሂድ፤ ጌታው የሄደበት ቤት ተቆልፎ መቅረት የለበትም። አራተኛው ለራሳችን ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና መሥሪያ ቤቶቻችን መሣሪያ ሲገዙ በጨረታው ሰነድ ላይ ስለ ዋጋና ስለ ዋስትና እንደሚጠይቁት ሁሉ፣ «ቁልፉ በማን እጅ ይቀራል?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም።

ወደ እህቴ ቤት ልመለስና ላብቃ። ሕፃኗ የፊደል ጨዋታዋን ከለመደች በኋላ አንድ ቀን ለወንድሟ ጥያቄ አመጣች። የጎረቤታቸው ልጅም እንዲሁ ያለ ዕቃ አለውና ጨዋታው ለእርሱም እንዲደርሰው ፈለገች። የእህቴ ልጅ አጎንብሶ ቆየና፣ ያ ልጅ ዕቃውን በራሱ ስም ማስመዝገብ እንዳለበት፣ አለዚያም ጨዋታዋ በኩባንያው መደብር በኩል ተመርምራ ማለፍ እንደሚኖርባት ሊያስረዳት ሞከረ። ሕፃኗ አንድም አልገባትም። «አንተ አይደለህ የሠራኸው? ዕቃውስ የእርሱ አይደል?» አለችው።

እኔ በዶክትሬት ዲግሪዬ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም። ያገኛችሁ ካላችሁ ወዲህ በሉኝ።

ቸር ይግጠመን!